እስከ በረንዳ የሚደርስ ኔትወርክ

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ቤታችን ውስጥ ውድ የሚባል ዕቃ ሁሉ ቦታው ቡፌ ውስጥ ነበር። ለእንግዳ ብቻ የሚወጣው ብርጭቆ፣ የልጃችን የምረቃ ፎቶ፣ አንድም ቀን ሻይ ተቀድቶበት የማያውቀው የሸክላ ማንቆርቆሪያ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ዋይፋይ ያስገባን ጊዜም ያ ባለ አንቴና ሳጥን የት ይቀመጥ ብለን አልተጨነቅንም። እሱ ከብርጭቆዎቹ መሃል አስገባው፣ መስታወቱን ገጥሞ ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እኔ ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት በእጄ የሠራሁትን ነጭ ዳንቴል ቀድሜ አልብሼው ነበር። የቡፌያችን ጀርባ ከላይ እስከ ታች ፊት የሚያሳይ መስታወት ነው። ከዚያ ሁሉ ያመለጠው ኔትወርክ ሳሎኑን አቋርጦ፣ በመስኮቱ ወጥቶ፣ በረንዳው ላይ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል። ለዓመታት ጥፋቱን መስመሩ ላይ ስናላክክ ኖርን።

ቤታችን ምሥራቅ የሚባለው ሰፈር ነው። ግቢው ሰፋ ያለ ነው፤ መሃሉ ላይ አቮካዶ አለ፤ ከአቮካዶው ወዲያ ደግሞ የምናከራያቸው ሰርቪስ ቤቶች አሉ። በአንደኛው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የሚሰፉ እህትማማቾች ይኖራሉ። በሌላው አንድ ወጣት መምህር ብቻውን ይኖራል። ባለቤቴ ሲሞት ድንኳኑን የተከሉት፣ ወንበሩን የደረደሩት፣ ውሃ ያመላለሱት እነሱ ናቸው። ልጃችን ከድሬዳዋ መጥታ ሰነበተችና ተመለሰች፤ ባሏ እዚያ ነው፣ ሥራዋም እዚያ ነው፣ ሆዷም ገፍቶ ነበር። ለቅሶ ደራሹ ቀስ በቀስ ቀረ። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ለጸሎት ይመጡ ነበር፤ እነሱም የየራሳቸው ጣጣ አለባቸው። እኔ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን መመላለስ ሥራዬ ሆነ።

ሲመሽ ግን ሰው ነበረኝ። እህትማማቾቹ ከፓርኩ ሰርቪስ አውቶቡስ ወርደው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ስልካቸውን ይዘው ወደ በረንዳዬ ይመጣሉ። ኔትወርኩ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነዋ! ታናሽየዋ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ታላቅየዋ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ዱካ ትይዛለች፤ ጥሩው ቦታ እሱ ስለሆነ ለማንም አትለቅም። መምህሩ የፕላስቲክ ወንበሩን ከክፍሉ ድረስ ጎትቶ ያመጣል። ሱፍ እየፈለፈሉ ገለባውን መሬት ላይ ይዘሩብኛል። እኔም ሥራዬ ቁጣ ነው፤ «ይሄ በረንዳ ነው ወይስ የበግ በረት?» እላቸዋለሁ። ታላቅየዋ መጥረጊያ ታመጣለች፣ ትጠርጋለች፣ መልሳ ተቀምጣ መልሳ ትዘራለች።

ለእኔ ብለው እንዳልመጡ አሳምሬ አውቃለሁ። የመጡት ለኔትወርኩ ነው። ግን ሲመጡ ያወራሉ። ፓርኩ ውስጥ ከአለቃዋ ጋር የተጣላችውን ልጅ፣ ፈተና ላይ ሲኮርጅ የተያዘውን ተማሪ፣ የባጃጁን ሾፌር አመል፣ ሁሉንም እሰማለሁ። ታላቅየዋ እናቷ ጋ ስትደውል በሲዳምኛ ነው፤ እኔ ቋንቋውን ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ እንጂ እንደ ልብ አላውቀውም፤ ሲስቁ ግን አብሬ እስቃለሁ። አንዳንድ ቀን እናቷ በስልኩ ውስጥ «አከራይሽን አሳዪኝ» ትልና ሁለታችን አሮጊቶች እጃችንን እያወዛወዝን ሰላም እንባባላለን። ትንኙ ሲበዛ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። እኔም በሬን ቆልፌ እተኛለሁ፤ እንቅልፍም ይወስደኝ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያናጋው የልጅ ልጄ እግር ነው። ልጄ አንድ ቀን ደወለችና «እማዬ፣ መሄድ ጀምሯል፤ እይው እይው!» አለችኝ። ስልኩን ዓይኔ ሥር አስጠጋሁት። ልጁ ሶፋውን ለቀቀ፣ አንድ እግሩን አነሳ፣ ምስሉም እዚያው ደረቀ። አንድ እግሩን አየር ላይ ሰቅሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ ቀረ። «አየሽው?» ትላለች ልጄ፤ ድምፅዋ ይመጣል፣ ይጠፋል። ምስሉ ሲመለስ ልጁ በቂጡ ተቀምጦ ብስኩት ይበላል። አየሁት ብዬ ዋሸኋት፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ። አያቱ ሳያየው ሞተ፣ እኔ ደግሞ በሕይወት ኖሬ ሳላየው ቀረሁ ብዬ በጣም ተቃጠልኩ።

ልጄ ገብቷት ኖሯል፤ በማግሥቱ መልሳ ደውላ «እባክሽ ያንን ዕቃ ቀይሪው» አለችኝ። ለመምህሩ ነገርኩት። እሱም «ዕቃው የት ነው እትዬ?» አለኝ። ከባለቤቴ ኮት ኪስ ቁልፉን አምጥቼ ቡፌውን ከፈትኩለት። መጀመሪያ ዳንቴሉን አየ። ዳንቴሉን ገለጠ። ከጀርባ ያለውን መስታወት አየ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ የእኔን ፊት ሲያይ ደግሞ አፉን በእጁ ከደነ።

«ይቅርታ እትዬ። የእኔም እናት እንዲሁ ናት፤ ቴሌቪዥኑን እያየነው ሁሉ ትሸፍነዋለች።»

«አቧራውን አንተ ትጠርገዋለህ?» አልኩት። ተናድጄ ነበር። ያንን ዳንቴል የሠራሁት ለሠርጌ ነው።

መምህሩ ነገሩን በደንብ አስረዳኝ። ወደ ቤት የሚገባው መስመር ጥሩ ነው፤ መስመሩን ተቀብሎ በአየር የሚያድለው ሳጥን ግን ያረጀ ነው፤ ከቡፌው ቢወጣ እንኳ ብዙም አይፈጥንም። የሚሻለው አክሰስ ፖይንት የሚባለውን ገዝቶ፣ ከሳጥኑ ገመድ ስቦ፣ ኮርኒስ ላይ መስቀል ነው። እንደ ሳህን ክብ ነው አለኝ፤ ከላይ ሆኖ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያድላል። ሳሎኔ ኮርኒስ ላይ ሳህን የመስቀል ሐሳብ ብዙም አልጣመኝም፤ ግን የልጁ እግር ዓይኔ ላይ አለ።

ባጃጅ ይዤ ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወረድኩ። የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ባለቤት ኮፍያ የማይለየው ጎልማሳ ነው፤ እናቱ እዚያው አካባቢ ጨርቅ ስትሸጥ ደንበኛዋ ነበርኩ፣ የዚያን ዳንቴል ክር የገዛሁትም ከእሷ ነው። ወንበር አውጥቶ አስቀመጠኝ፤ የእናቱን ሰላምታ አቀረበልኝ። ሁለት ካርቶን አውርዶ ባንኮኒው ላይ ደረደረና፣ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«እናቴ፣ ለራስዎ ብቻ ነው ወይስ ለግቢው?»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«ትልቅ ልዩነት አለው» አለና ትንሹን ካርቶን መታ መታ አደረገው። «ኔትወርክ በሁለት ዓይነት ሞገድ ነው የሚሄደው። አንዱ በጣም ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ አይወድም። ሌላው ቀርፋፋ ነው፣ ግን ሩቅ ይሄዳል። ይቺ ትንሿ ፈጣኑን ሞገድ ሳሎንዎ ውስጥ በደንብ ትሰጥዎታለች፤ ከልጅዎ ጋር ሲያወሩ ንቅንቅ አይልም። ከበረንዳ ካለፈች ግን የለችም።» ከዚያ ትልቁን ካርቶን ሳብ አደረገ። «ይሄኛው ሁለቱንም በጉልበት ነው የሚሰጠው። ግቢውን በሙሉ ይሸፍናል። ስንት ስልክ ቢያያዝበት አይንገዳገድም። የሰርቪሶቹ ግድግዳ ብሎኬት ነው ጭቃ?»

«ጭቃ ነው።»

«ታዲያ ምንም አያግደው።»

አሁን ያንን ወንበር ላይ ተቀምጣ የነበረችውን ሴትዮ ሳስባት ትከሻዋን ይዤ ልነቀንቃት ያምረኛል። ሰውየው እኮ ነገረኝ። ከበረንዳ ካለፈች የለችም አለኝ። እኔ የምፈልገው እሷኑ ነበር፤ ልጄን የምታሳየኝ፣ ሰዎቼንም በረንዳዬ ላይ የምታስቀርልኝ። ያን ጊዜ ግን ዓይኔ ላይ የመጣው ታላቅየዋ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ውላ፣ ወገቧን ይዛ፣ በትንኝ እየተበላች ደረቅ ዱካ ላይ ተቀምጣ። አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ እናቷን ብታዋራ ምን አለበት አልኩ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ በሱቁ ሰውዬ ፊት ቆጥቋጣ መባልም አልፈለግሁም።

«ለግቢው ነው» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። «እኔ ብቻዬን ምን አደርገዋለሁ?»

«እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እንዲህ ያለ አከራይ የት ይገኛል!» አለ። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በባጃጅ ስመለስ እንደ ትልቅ ሰው ነበር የተሰማኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰቀለ። መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን በሳ፤ እህትማማቾቹ ጠረጴዛውን ግራና ቀኝ ያዙ፤ እኔ ከታች ሆኜ «ቀስ በል! ኮርኒሱን እንዳታወርደው!» እያልኩ ጮህኩ። ምሳ ለሁሉም ሠርቼ ነበር፤ ታላቅየዋም ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ ይዛ መጣች። የክቡ ዕቃ ትንሽ መብራት ቦግ ስትል ሁላችንም አጨበጨብን። ከዚያ ፍተሻው ተጀመረ። መምህሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ወደ በሩ ሄደ፣ ኔትወርኩ አለ። አቮካዶው ሥር ሄደ፣ አለ። ታናሽየዋ እየሮጠች ወደ ጓሮ ዞረችና «እትዬ፣ ሽንት ቤት ድረስ ይመጣል!» ብላ ስትጮህ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅን። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ያ ቤት እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ማታ በረንዳውን ጠርጌ ተቀመጥኩ። እህትማማቾቹ ገቡ፤ «እንደምን አመሹ እትዬ» አሉ፤ እኔም ቦታ ለቀቅ አደረግሁላቸው። በአቮካዶው በኩል አልፈው ክፍላቸው ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት። ደክሟቸው ነው አልኩ። መምህሩም መጣ፤ ስለ ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ አመሰገነኝ፤ ገባ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሚቀጥለው ቀን ዱካውን ራሴ ከመስኮቱ ሥር አስተካክዬ አስቀመጥኩት፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ያኔ ገባኝ። የሚያመጣቸውን ነገር እስከ አልጋቸው ድረስ ያደረስኩላቸው እኔው ነኝ።

ማንን ልቆጣ? አልከፉብኝም፤ እንዲያውም ከበፊቱ በላይ ያከብሩኛል። ጠዋት ሲወጡ «ጌታ ይባርክዎት እትዬ፣ እንዴት ተመቸን መሰለዎት» ይሉኛል። በረንዳው ንጹሕ ሆነ፤ አንድ የሱፍ ገለባ የለበትም። ያ ንጽሕናው ነው ያንገበገበኝ። አንዳንድ ቀን የሚጠረግ ሳይኖር መጥረጊያውን ይዤ ወጥቼ ቆሜ እመለሳለሁ።

ልጄ ጋ ያለው ነገር ግን ተሳካ፤ ይህን መካድ አልችልም። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። የልጅ ልጄ ከሶፋው ተነስቶ እስከ በሩ ሄደ፤ እያንዳንዷን እርምጃ አየሁ፤ ወድቆ ሲነሳ ጉልበቱ ላይ የቀላውን ሳይቀር አየሁ። እልል አልኩ። ግን የማላውቀው ነገር ነበር። ድሮ ስንደዋወል መስመሩ ይቋረጣል፣ መልሳ ትደውላለች፣ «የት ላይ ነበርን?» እንባባላለን፣ እንደገና ይቋረጣል፤ እንዲህ ስንባባል እናመሻለን። አሁን ያለንን ሁሉ ሳይቋረጥ ተነጋግረን ቶሎ ጨረስን። ከዚያ ዝም ተባባልን። ዝምታው እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«እማዬ፣ እነዚያ ልጆች የሉም እንዴ? ዛሬ ድምፃቸው አይሰማም» አለችኝ።

«ቤታቸው ናቸው። ኔትወርኩ እዚያ ይደርሳቸዋል።»

«ጎሽ! አንቺም አረፍሽ በያ፣ ሲንጫጩብሽ ነበር እኮ።»

«አዎ፣ አረፍኩ» አልኩ።

አንድ ምሽት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ መብራት ጠፋ። በእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሁሉም ያማርራል፤ እኔ ግን የክቡ ዕቃ መብራት ድርግም ስትል ልቤ ዘለለ። ወዲያው የክፍሎቹ በር ተከፈተ። «ጠፋባችሁ?» «ጠፋብን!» እየተባባሉ በስልክ ባትሪ እያበሩ ወደ በረንዳው መጡ። ታላቅየዋ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። መምህሩ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ታናሽየዋ ከኪሷ ሱፍ አወጣች፤ እኔም አልተቆጣሁም። ከከተማችን ሐይቅ በኩል ጥሩ ነፋስ ነበር። ታላቅየዋ ፓርኩ ውስጥ ወደ ሌላ መስመር ሊያዛውሯት መሆኑን ጀመረች፤ አለቃዋ ምን እንዳለች፣ እሷ ምን ብላ እንደመለሰች ልትነግረን ስትል መብራቱ መጣ። ግቢው ሁሉ ቦግ አለ። «ተመስገን!» አሉና ተነሱ። አለቃዋ ምን እንዳለች ሳልሰማ ቀረሁ።

ያን ዕለት ተናደድኩ፤ በሰው ሳይሆን በዚያ ኮርኒሴ ላይ በተጣበቀ ሳህን። ሳሎን ገብቼ ሥሩ ቆምኩና አንጋጥጬ ተሳደብኩ። ከዚያ ዓይኔ ሶኬቱ ላይ አረፈ። ብነቅለው ማን ያውቃል? ተበላሸ እላለሁ። እንደ ድሮው ሳጥኑን ቡፌ ውስጥ መልሼ፣ ዳንቴሉን አልብሼ፣ ቆልፌ መቀመጥ እችላለሁ። ጎንበስ ብዬ ሶኬቱን ያዝኩት። በመስኮቱ በኩል፣ ከግቢው ማዶ፣ የታላቅየዋ ድምፅ መጣ፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ከእናቷ ጋር እያወራች ነው። አልተቋረጠባትም። የሆነ ነገር ተባብለው ሳቁ፤ በመሃል ደግሞ እናቷ ስታስል ሰማሁ፤ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀስ ብላ ትጠይቃት ጀመር። እኔም የማዶ ሰው የምጠብቅ እናት ነኝ። ሶኬቱን ለቀቅሁት።

ለቀቅሁት እንጂ መቀመጥ አልቻልኩም። ሳሎኑ ሰፋብኝ። ስልኬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ። እናትና ልጅ ወሬያቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅሁና ነጠላዬን ደርቤ በአቮካዶው በኩል ተሻገርኩ። በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ቤቴ በር ላይ ቆሜ እንደ እንግዳ አንኳኳሁ። ታላቅየዋ ከፈተች፤ ደነገጠች።

«እትዬ! ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩም። ይሄ ነገር እምቢ አለኝ» አልኩና ስልኩን ዘረጋሁላት። «ኔትወርክ የለውም መሰለኝ። ልጄ ልትደውልልኝ ነበር።»

ስልኩን ተቀበለችኝ። እኔ ፊቷን ማየት አፍሬ እግሬን አየሁ። የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሳሎን ሆኜ አይቼዋለሁ፤ እሷም ያን ማንበብ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ለረጅም ጊዜ ስልኩን ያየችው መሰለኝ። ቀና ብላ እኔን አየች። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ በረንዳው፣ ወደ ባዶው ዱካ አየች።

«እውነትዎን ነው እትዬ፣ ይቆራረጣል» አለች። «ይሄ በረንዳ ላይ ሆኖ ነው መታየት ያለበት።» ወደ ውስጥ ዞራ እህቷን በሲዳምኛ ጠራቻት፤ ያለቻትን ሁሉ ባልይዝም «ሱፉን» የምትል ቃል ሰማሁ። ክንዴን ይዛ በአቮካዶው ሥር መልሳ አሻገረችኝ። ዱካውን ወደ እኔ አስጠግታ ተቀመጠች፤ ስልኬን እንደያዘች ከወዲህ ወዲያ ትነካካው ጀመር፤ የሚነካካ ነገር እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን።

«አለቃሽ ምን አለችሽ?» አልኳት። «ቅድም መብራቱ መጥቶ አቋረጠን።»

ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። ልጄ ናት። ምስሉ እንደ ጠዋት ፀሐይ ጥርት ብሎ ወጣ፤ የልጅ ልጄ ከኋላዋ ሶፋው ላይ ሲዘል ይታያል። «እማዬ፣ ዛሬ ኔትወርኩ እንዴት ያምራል!» አለች ልጄ ድሬዳዋ ሆና።

ከታላቅየዋ ጋር ተያየን። ፊቴ ሲቃጠል ይሰማኛል። እሷ ግን ምንም ሳትደናገጥ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለችና «አሁን ገና ነው የመጣው» አለቻት። ስልኩን መለሰችልኝ፤ እሷ ግን አልተነሳችም።